ለቀብር ተዘጋጅተናል፤ ለሕመሙስ?
(በእድራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ለአረጋውያን አባላት የተደረገ ንግግር)



እኛ የሥላሴ ሰፈር ሰዎች ለቀብራችን አስቀድመን እናስባለን። መዋጮ እንከፍላለን፤ ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ድስቱ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። ከሞት በፊት ለሚመጣው ሕመም ግን አልተነጋገርንም።

ውጤቱን ለጥየቃ ስንሄድ እናየዋለን። በሽተኛው መናገር አቅቷቸዋል። አንዱ ልጅ «ቤቱም ይሸጥ፣ ውጭ አገር ይታከሙ» ይላል፤ ሌላዋ «እቤታቸው ይረፉ» ትላለች። የእሳቸውን ፈቃድ የሚያውቅ የለም። ወንድምና እህት ከለቅሶው በኋላም ተኳርፈው ይቀራሉ።

«ሳይታመሙ ስለ ሕመም ማውራት ሟርት ነው» የምትሉ አትጠፉም። እድር መግባት ማንን ገደለ?

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 20 እንደሚለው፣ በሕግ ከታዘዘ ምርመራና ክትባት በቀር፣ ሰው ምርመራንም ሆነ ሕክምናን በማናቸውም ጊዜ እንቢ ማለት ይችላል። ምርጫው የባለቤቱ ነው፤ አንደበት ሲዘጋ ግን የሚናገርለት ሰው ያስፈልጋል።

ስለዚህ ሦስት ነገር አደራ እንላለን፦

1ኛ/ ልጆቻችሁን ሰብስባችሁ ቃላችሁን የሚያደርስላችሁን አንድ ሰው ንገሯቸው።

2ኛ/ በጽኑ ብትታመሙ ሐኪም ቤት ወይስ እቤት መሆን እንደምትፈልጉ፣ ምን ያህል ገንዘብ እንዲወጣ እንደምትፈቅዱ ተናገሩ።

3ኛ/ ሕመማችሁን፣ የምትወስዱትንና የማይስማማችሁን መድኃኒት አስጽፋችሁ ከመታወቂያችሁ ጋር አስቀምጡ። ወደ ራስ ደስታም ሆነ ወደ ምኒልክ ሆስፒታል በጥድፊያ ብንወስዳችሁ ሐኪሙ የሚጠይቀን ይህንኑ ነው።

ሐሳባችሁ ቢለወጥ ወረቀቱም ይለወጣል። መጻፍ የሚያስቸግራችሁ ወደ እድራችን ጸሐፊ ብቅ በሉ፤ እንጽፍላችኋለን።

ዕድሜና ጤና ይስጥልን።