ልጆቻችንን የት እንውሰድ?

(ለዕረፍት ወደ ሆሳዕና፣ ወደ ዱራሜና ወደ አካባቢው ከተሞች ለሚመለሱ ተማሪዎች በማኅበራችን ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



የምንናገርበት ጉዳይ በማኅበራችን ከሚነሡት ሌሎች ጥያቄዎች ጋር ሲመዛዘን ቀላል ይመስል ይሆናል። ነገሩ ግን እንዲህ ነው።

ባለፈው ክረምት የአንዳችን ታላቅ ወንድም ከብዙ ዓመት በኋላ ሚስቱንና ሦስት ልጆቹን ይዞ ከደቡብ አፍሪካ ሆሳዕና ገባ። የዘመድ ጥየቃው፣ ቡናውና ምርቃቱ ካለቀ በኋላ በአራተኛው ቀን ጠርቶን «እናንተ ተምራችኋልና እስቲ ንገሩኝ፤ እነዚህን ልጆች የት ልውሰዳቸው? አባታቸው የተወለደበት አገር ምን እንደሚመስል ላሳያቸው እፈልጋለሁ» አለን። እኛም እርስ በርሳችን ተያየንና «ወደ ሐዋሳ ውሰዳቸው፤ እዚያ ሐይቅ አለ» አልነው። ወሰዳቸው። ልጆቹ ዓሣ በልተው፣ በጀልባ ተንሸራሽረው ተመለሱ። በሳምንቱም ተሰናብተውን ሄዱ። የአባታቸውን አገር ግን አላዩም።

ሐዋሳ መልካም ከተማ ናት፤ ከእርስዋ ጋር ቅሬታ የለንም። ያሳፈረን የራሳችን መልስ ነው። ከሀዲያና ከከምባታ ስንት ወጣት ወደ ደቡብ አፍሪካ እንደ ተሰደደ ሁላችንም እናውቃለን። ከዚያ የሚላከው ገንዘብ ቤት ይሠራል፤ ታናናሾችን ያስተምራል። ነገር ግን በባዕድ አገር የተወለደ ልጅ የአባቱን አገር የሚወደው በተሠራው ፎቅ ነውን? በእግሩ የረገጠውን፣ በዓይኑ ያየውን፣ ወድቆ ጉልበቱን የላጠበትን መሬት ነው እንጂ!

«በእኛ አገር ለልጅ የሚሆን ምን አለ?» የሚል አይጠፋም። ብዙዎቻችን መዝናናት ማለት ኬክ ቤት ተቀምጦ ለስላሳ መጠጣት ይመስለናል። እስቲ ከእኛ እጅግ የባሰ ችግር ያለባትን ከተማ እንመልከት። በካናዳ ሰሜን የሎናይፍ የምትባል ከተማ አለች። በጥር ወር ብርዱ ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ ይደርሳል፤ በታኅሣሥ የቀኑ ብርሃን አምስት ሰዓት ያህል ብቻ ነው። እንግዲህ ወላጆች በዚያ ልጆቻቸውን ቆልፈው ማኖር ይችሉ ነበር። እነርሱ ግን ያንኑ ብርድ መጫወቻ አደረጉት። በከተማዋ አጠገብ ያለው ታላቅ ሐይቅ ሲረጋ ከበረዶ ግንብ እየሠሩ ልጆች የሚንሸራተቱበት በዓል ያከብራሉ። ባላቸው ነገር ተጠቀሙ ማለት ነው። እኛ ዓመቱን ሙሉ ፀሐይ ያለን፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ደጋ ላይ የምንኖር ሰዎች ምን ምክንያት አለን?

ስለዚህ ያለንን እንቁጠር።

በመጀመሪያ ሀምበርቾ አለ። ከዱራሜ በላይ የቆመው ይህ ተራራ ከፍታው ከ3,000 ሜትር ይበልጣል፤ የከምባታ ሕዝብም ከጥንት ጀምሮ በክብር የሚያየው ተራራ ነው። ዛሬ ወደ ጫፉ የሚያወጡ 777 ደረጃዎች ተሠርተውለታል። ሰማዩ ሲጠራ ከላይ ሆኖ ወደ ምሥራቅ የሚመለከት ሰው ደጋው ወደ ሐላባ ሜዳና ወደ ስምጥ ሸለቆው እንዴት እንደሚወርድ ያያል። በመማሪያ መጽሐፍ በሥዕል ያጠናነውን ልጆቻችን በዚያ በአንድ እይታ ይማሩታል።

ስለ ሀምበርቾ የራሳችንንም ጥፋት እንናገር። ከሐዋሳው ነገር በኋላ በኅፍረት ተነሥተን አምስት ታናናሾቻችንን ይዘን ወጣን። የተነሣነው ግን ከምሳ በኋላ ነው፤ ውሃም በቂ አልያዝንም። ልጆቹ ደረጃውን ጮክ ብለው እየቆጠሩ ጀመሩ፤ 200 ሳይሞላ ድምፃቸው ጠፋ፤ ትንሺቱ ልጅ ተቀምጣ አለቀሰች። ግማሹን እንኳ ሳንወጣ ተመለስን። ከተራራው ሥር ቤታቸው የሆነ አንዲት እናት አይተውን ውሃና ቆሎ ሰጡንና «ልጆቼ፣ ተራራ የሚወጣው በጧት ነው» አሉን። በሚቀጥለው ሳምንት በጧት ሄድን። ያቺው ትንሽ ልጅ 777ኛውን ደረጃ ከሁላችን ቀድማ ረገጠች። ዛሬ ስለ ሀምበርቾ የምትናገረው የራስዋ ቤት እንደ ሆነ አድርጋ ነው።

ሁለተኛው በሀዲያ በሻሾጎ ወረዳ ያለው የቦዮ ሐይቅና ረግረጉ ነው። በበጋ ወራት ከአውሮፓና ከእስያ ብርድ የሚሸሹ ወፎች እዚያ ይሰፍራሉ። ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን ዋትልድ ክሬን የሚባለው ወፍ ነው፤ ከአገጩ በታች ሁለት ነጭ ቆዳ የተንጠለጠለበት፣ ቁመቱ ከአሥር ዓመት ልጅ የማያንስ ነው። ከአፍሪካ ውጭ በዱር አይገኝም፤ ቍጥሩም እየመነመነ ነው። ይህ ወፍ በደቡብ አፍሪካም ይኖራል። ያ ወንድማችን ልጆቹን ቦዮ ወስዶ ቢሆን ኖሮ «ይህ ወፍ በእናንተም አገር በእኔም አገር አለ» ብሎ ባሳያቸው ነበር። ወደ ቦዮ የሚሄድ ሰው በጧት ይሂድ፤ ድምፁን ዝቅ ያድርግ፤ ጉማሬ ስላለበትም ልጆችን ከውሃው ዳር ያርቅ።

ሦስተኛው የአጆራ ፏፏቴ ነው። በከምባታና በወላይታ አዋሳኝ ላይ ሶኬና አጃጮ የሚባሉ ሁለት ወንዞች ጎን ለጎን ሆነው ወደ ጥልቅ ገደል ይወረወራሉ። ከክረምት ቀጥሎ ባሉት ወራት ውሃው ይበዛል። ገደሉ ቀልድ አያውቅምና የልጅ እጅ አይለቀቅም።

ከአዲስ አበባ በቡታጅራ በኩል 230 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ሆሳዕና የሚመጣ ቤተ ሰብ ደግሞ መንገዱን በእንቅልፍ አያሳልፍ። በ1972 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡት የጢያ ትክል ድንጋዮች በመንገዱ ዳር ናቸው። 36 ድንጋዮች አሉ፤ ከእነዚህም በ32ቱ ላይ ልዩ ልዩ ምልክት ተቀርጾባቸዋል። ልጆች በድንጋዩ ላይ ያሉትን የሰይፍ ምስሎች ይቁጠሩ፤ ጨዋታም ትምህርትም ይሆናቸዋል።

ከሁሉ የሚቀርበውን ግን በመጨረሻ አቆየነው፤ እርሱም የአያቶቻችን ጓሮ ነው። በከተማ በኪራይ ቤት የሚያድጉ ታናናሾቻችን ቆጮ ይበላሉ እንጂ ከየት እንደሚመጣ ስንቶቹ ያውቃሉ? እንሰት ለምግብ እስኪደርስ ከአራት እስከ ሰባት ዓመት ያህል ይፈጃል፤ ሴቶች በቀርከሃ ይፍቁታል፤ በቅጠል ተጠቅልሎ ጕድጓድ ውስጥ ይብላላል። ከጭማቂው የሚዘቅጠው ቡላ ይሆናል፤ ከቡላው፣ ከወተቱና ከቅቤው የሀዲያ እናቶች አተካና ያዘጋጃሉ፤ ቃጫው ገመድ ይሆናል። በመስከረም በሀዲያ ያሆዴ፣ በከምባታ መሳላ ሲከበር ልጅ ከእንሰቱ ሥር ቆሞ አያቱ ስትሠራ ቢያይ የትኛው ሙዝየም ይህን ይሰጠዋል? መግቢያውም አያትን ሳሞ ጕልበት መንካት ብቻ ነው።

ውድ ጓደኞቻችን፣ ይህን ሁሉ የዘረዘርነው ለማስታወቂያ አይደለም። ሆሳዕና ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ሆናለች። ቢሮ ይሠራል፤ ቤት ይሠራል፤ መንገድ ይወጣል። ይህ ደስ ያሰኘናል። ሆኖም በልጅነታችን ኳስ የተጫወትንባቸው ሜዳዎች አንድ በአንድ በአጥር ሲከለሉ አይተናል፤ ማንም አልጮኸላቸውም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ሰው የማያውቀውን ነገር ሲወሰድበት አይጮኽም። ረግረግ ሲታረስ የሚያዝነው ወፉን ያየ ሰው ነው፤ ዛፍ ሲቈረጥ የሚከራከረው በጥላው ያረፈ ሰው ነው። ልጆችን ወደ እነዚህ ቦታዎች መውሰድ ለነገ ጠባቂ ማዘጋጀት ነው የምንለው ስለዚህ ነው።

እንግዲህ አራት ነገር እንጠይቃችኋለን።

አንደኛ፣ እያንዳንዳችን በዚህ ዕረፍት ቢያንስ ሁለት ልጆችን ወደ አንዱ ቦታ እንውሰድ፤ ወንድ ልጆችን ብቻ ሳይሆን እኅቶቻችንንም ጭምር። ሴት ልጅ ውሃ ስትቀዳ ኮረብታውን ታውቀዋለች፤ ተጫውታበት ግን አታውቅም።

ሁለተኛ፣ የአካባቢውን ልጅ መንገድ መሪ አድርገን ድካሙን እንክፈለው፤ የያዝነውን ፌስታልና ፕላስቲክም ይዘን እንመለስ።

ሦስተኛ፣ የየቦታውን ስምና ታሪክ ከሽማግሌዎች ጠይቀን እንጻፍና ለዚህ ጋዜጣ እናምጣው።

አራተኛ፣ ቦታ ሲሸነሸን በየሰፈሩ ለልጆች መጫወቻ የሚሆን መሬት እንዲተው ወላጆቻችንን አስተባብረን ማዘጋጃ ቤቱን በአክብሮት እንጠይቅ።

ያ ወንድማችን በሚመጣው ዓመት ልጆቹን ይዞ እንደሚመለስ ጽፎልናል። ዳግመኛ «የት ልውሰዳቸው?» ሲለን በጧት ተነሥተን፣ ውሃና ቆሎ ይዘን፣ «ና፣ አብረን እንሂድ» ልንለው ቈርጠናል። እናንተም ለየቤታችሁ እንግዳ እንዲሁ እንድትሉ አደራ እንላለን።