ስለ ባለ ቀለም የዓይን ሌንስ
(በወርሃዊ ስብሰባችን ላይ የቀረበ ንግግር)



የማኅበሩን ሂሳብ ስለምይዝ የብድር ማመልከቻዎች በእጄ ያልፋሉ። የውበት ሳሎን ያላቸው እህቶቻችን በሚያቀርቡት የዕቃ ዝርዝር ላይ ሰሞኑን «ባለ ቀለም የዓይን ሌንስ» የሚል አያለሁ። ለሙሽራና ለሚዜዎች የሚከራይ ነው። ገበያ እንዳለው አልክድም፤ ጉዳቱን ግን አስቀድመን እንወቅ።

አሜባ ሲባል ሁላችንም የምናስበው ሆድን ነው። በቧንቧ ውሃ፣ በአፈርና በአቧራ ውስጥ የሚኖር ሌላ ዓይነትም አለ፤ አካንታሜባ ይባላል። ፊታችንን ስንታጠብ ቢነካንም አብዛኛውን ጊዜ አይጎዳንም። ሌንስ በውሃ ታጥቦ ሲደረግ ግን ሌንሱ ላይ ይጣበቅና ዓይን በተጫረበት በኩል ይገባል። ካልተመቸው ድርብ ቅርፊት ለብሶ ይቆያል፤ ውሃ ውስጥ ያለው ክሎሪንም በቀላሉ አይገድለውም።

ዓይን ይቀላል፣ ያነባል፣ ብርሃን ይፈራል፤ ሕመሙም ብርቱ ነው። ከሌላ የዓይን በሽታ ጋር ስለሚመሳሰል ሳይታወቅ ሊቆይ ይችላል። ሕክምናው ወራት ይወስዳል፤ እስከ መታወርም ሊያደርስ ይችላል። ለሆድ አሜባ የምንገዛው ሜትሮኒዳዞል ለዚህ አይሆንም።

እ.ኤ.አ. በ2007 አሜሪካ ውስጥ ከዚህ በሽታ ጋር የተያያዘ አንድ የሌንስ ማጠቢያ ፈሳሽ ከገበያ ተሰብስቧል። በፋብሪካ የተሠራው እንዲህ ካሳሰበ፣ በቧንቧ ውሃ ታጥቦ ከሚዜ ወደ ሚዜ የሚተላለፈውማ እንዴት ይሆናል?

ስለዚህ ለኪራይ የሚውል ሌንስ በብድራችን እንዳይገዛ ሐሳብ አቀርባለሁ። የኪራዩ ገቢ የአንድ ቀን ነው፤ የዓይን ሕክምና ወጪ ግን የአንዲትን አባል የዓመታት ቁጠባ ሊጨርስ ይችላል።

ሌንስ የምታደርጉ እህቶች፦
- በዓይን ሐኪም ታይታችሁ ይሁን።
- እጃችሁን በሳሙና ታጥባችሁ በደንብ አድርቁ።
- ሌንሱን ውሃም ምራቅም አታስነኩት፤ በማጠቢያ ፈሳሹ ብቻ እጠቡት፤ ፈሳሹንም በየጊዜው ቀይሩት።
- ስትተኙ፣ ገላችሁን ስትታጠቡና ስትዋኙ አውልቁት።
- ለእህትም ቢሆን አታውሱ።
- ዓይናችሁ ከቀላ ወይም ካመማችሁ ወዲያው አውልቁና ወደ ዓይን ሐኪም ሂዱ። «ሌንስ አደርጋለሁ» ማለትን አትርሱ፤ ሐኪሙ ይህን ካወቀ በሽታውን ቶሎ ሊጠረጥር ይችላል።

በሐሳቡ ላይ እንድትወያዩበት እጠይቃለሁ።