ኮሚክ ድንበር ሲሻገር



የዛሬው ዲስኩሬ የኮሚክ መጻሕፍትን ሽፋንና በልዩ ልዩ አገር የታተሙ እትሞቻቸውን ስለ መሰብሰብ ነው። ዓመታቱን የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ይህን ሥራ የልጅ ጨዋታ አድርገው የሚያዩት ብዙዎች ናቸው፤ ጋዜጦችም የሚያነሡት የጨረታ ዋጋ ሰማይ ሲነካ ብቻ ነው። እኔ ግን ሰብሳቢው የሚጠብቀው የታሪክ ማስረጃ ነው እላለሁ። አሳታሚ የለወጠውን ነገር በአዋጅ አያስነግርም፤ ለውጡን የሚገልጥልን ሁለቱን እትሞች ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው ነው።

በዋጋው ልጀምርና ቶሎ ልለፈው። ቤልጅጋዊው ሠዓሊ ኤርዤ በ1936 «ሰማያዊው ሎተስ» ለተባለው የኮሚክ መጽሐፉ ሽፋን እንዲሆን የሣለው ሥዕል በ2021 ፓሪስ ውስጥ በ3.2 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ ተሸጧል። በሥዕሉ ላይ የመጽሐፉ ጀግና ቲንቲን ከውሻው ጋር በትልቅ የፖርሴሊን ጋን ውስጥ ተደብቋል፤ ዘንዶ አፍጥጦበታል። ሥዕሉ ግን ሽፋን ሆኖ አልወጣም። ቀለሞቹን ሁሉ አባዝቶ ማተም እጅግ ውድ በመሆኑ ኤርዤ ቀለል አድርጎ፣ ጥቁር ዘንዶ በቀይ መደብ ላይ አድርጎ፣ እንደገና ሣለው። በተሸጠው ወረቀት ላይ የመታጠፊያ መስመሮች እስከ ዛሬ ይታያሉ። እኔን ከሚሊዮኑ ይልቅ የሚስቡኝ እነዚያ መስመሮች ናቸው። ያን ጊዜ የሽፋን ሥዕል እንደ ማንኛውም ወረቀት ታጥፎ የሚቀመጥ ነገር እንደ ነበር ይመሰክራሉና።

የእትም ልዩነት ምን ያህል ሊርቅ እንደሚችል ለማየት የዚሁ ሠዓሊ «የጥቁር ወርቅ ምድር» ይበቃናል። ታሪኩ በ1939 በተከታታይ መውጣት ጀመረ፤ በ1940 ጀርመን ቤልጅግን ስትወርር ተቋረጠ፤ ከጦርነቱ በኋላ ተጠናቆ በ1950 በመጽሐፍ ታተመ። በዚህ እትም ቲንቲን የሚደርሰው በእንግሊዝ አስተዳደር ሥር ወደ ነበረችው ፍልስጤም ነው። የእንግሊዝ ወታደሮች አሉ፤ የአይሁድ ታጣቂዎች አሉ። ቆየት ብሎ የእንግሊዙ አሳታሚ ሜቱዌን ይህ ሁሉ ጊዜ ያለፈበት ነው ብሎ እንዲለወጥ ጠየቀ። በ1971 በወጣው እትም በፍልስጤም ፋንታ ኬመድ የምትባል የልብ ወለድ አገር ገባች። የእንግሊዝ ወታደሮቹ በዐረብ ወታደሮች ተተኩ፤ የአይሁድ ታጣቂዎቹ ከነታሪካቸው ወጡ። የዐረብኛ መልክ ብቻ የነበራቸው ጽሑፎችም በእውነተኛ ዐረብኛ ተተኩ። የኋለኛውን እትም ብቻ ያነበበ ልጅ፣ ፍልስጤም በዚህ መጽሐፍ ውስጥ እንደ ነበረች በምን ያውቃል?

አሮጌውን ከአዲሱ ለመለየት የፊቱን ሽፋን ማየት አይበቃም፤ ያው ሥዕል ለአሥርት ዓመታት ሊታተም ይችላል። የቲንቲን አሳታሚ የሆነው ካስተርማን ያተመውን መጽሐፍ ሲያገኙ መጀመሪያ ይገልብጡት። በጀርባው ላይ የተከታታዩ መጻሕፍት ዝርዝር አለ። ከዝርዝሩ በጣም ዘግይቶ የወጣውን ርእስ ይፈልጉ፤ «ቲንቲን በቲቤት» ካለበት፣ ያ መጽሐፍ የወጣው በ1960 ስለሆነ፣ በእጅዎ ያለው ከዚያ በፊት ታተመ ማለት ያስቸግራል። ቀጥሎ የጥራዙን ወገብ በጣት ይዳስሱ፤ ከቆዩት ብዙዎቹ በጨርቅ የተለበጡ ናቸው። ለዚህ ነው የፊቱን ሽፋን ገንጥሎ በመስታወት የሚሰቅል ሰው የሚያሳዝነኝ። የሚሰቅለው ሥዕል ይቀርለታል፤ ማስረጃው ግን ይጠፋል።

በአሜሪካ ልዩነቱ አንዳንዴ አንዲት ቁጥር ብቻ ናት። አሳታሚው ማርቭል በ1977 የዋጋ ጭማሪ ሊሞክር ጥቂት እትሞችን በ35 ሳንቲም ሸጠ፤ የቀሩት ዋጋቸው 30 ሳንቲም ነበር። የ«ስታር ዋርስ» ቁጥር 1 ባለ 35 ሳንቲሙ ዛሬ እጅግ ውድ ነው። ከገበያ ወሬ ያለፈ ነገር ግን አላየሁበትም።

እኛን በቀጥታ የሚመለከተን ጣልያናዊው የኮሚክ ሠዓሊ ሁጎ ፕራት ነው። በ1937፣ አገራችን በፋሺስት ወረራ ሥር ሳለች፣ ገና በልጅነቱ ከእናቱ ጋር ወደዚህ መጣ፤ አባቱ ወታደር ነበር። ጣልያን ድል ከተመታ በኋላ እናትና ልጅ ድሬዳዋ በእስረኞች ካምፕ ተያዙ፤ ልጁ እዚያም ሆኖ ከጠባቂዎቹ ኮሚክ ይገዛ ነበር። አድጎ ኮርቶ ማልቴዜ የተባለውን መርከበኛ ፈጠረ፤ ከታሪኮቹ አንዱን ስብስብም በኢትዮጵያ ስም ሰየመው። የዚህ ስብስብ ታሪኮች በ1972 እና በ1973 ፒፍ በተባለ የፈረንሳይ የልጆች መጽሔት ወጡ፤ በኋላም በመጽሐፍ መልክ፣ በጥቁርና ነጭም በቀለምም፣ በተለያዩ ቋንቋዎች ታተሙ። እኔ ጥቁርና ነጩን አስበልጣለሁ፤ የፕራት ጥበብ ያለው በጥላው ላይ ነውና ቀለም ሲጨመርበት ጉልበቱ ይቀንሳል። እነዚህ እትሞች አካባቢያችን በወራሪው ወታደር ልጅ ዓይን እንዴት እንደ ታየ የሚያሳዩ ሰነዶች ናቸው። ሠዓሊው የበረሃውን ሰው እንዴት ሣለው? ተርጓሚውስ በየቋንቋው ምን አናገረው? ይህን መርምረን የራሳችንን ፍርድ መስጠት የምንችለው እትሞቹ በእጃችን ሲኖሩ ነው።

ስለዚህ ሮም፣ ፓሪስና ብራስልስ የምትኖሩ ወገኖቼ ሆይ፣ በአሮጌ መጻሕፍት ገበያ ስታልፉ የፕራትን እትሞች በየቋንቋው ግዙ። የገዛችሁበትን ከተማና ዓመት በትንሽ ወረቀት ጽፋችሁ በውስጡ አኑሩ፤ ከዚያም ለኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ወይም ለብሔራዊ ቤተ መጻሕፍታችን አበርክቱ። ሽፋኑ የተቀደደ ቢሆን እንኳ አትለፉት።