አንገታችንን እናጠንክር

 

እኔ አስተማሪ ነኝ። ቀን ልጆችን፣ ማታ ጎልማሶችን አስተምራለሁ። ከማታ ተማሪዎቼ አንዲት እናት ፊደል ለይተው ንባብ እንደ ጀመሩ ከትምህርት ቀሩ። ቤታቸው ሄጄ ጠየቅኋቸው። «አንገቴን መጋኛ መታኝ። ደብተር ላይ ሳቀረቅር ይብስብኛል» አሉኝ። ሕመሙ ከጀመራቸው ግማሽ ዓመት አልፎት ነበር።

ነገሩ መጋኛ አልነበረም። ቀን አቀርቅረው እንሰት ሲፍቁ ይውላሉ። ውኃ በጀሪካን ያመጣሉ፤ ሃያ ሊትር ውኃ ሃያ ኪሎ ነው። ማታ ደግሞ ደብተሩን ጭናቸው ላይ አድርገው ያጎነብሳሉ። የሰው ራስ ብቻውን አምስት ኪሎ ያህል ይመዝናል። ስናቀረቅር ያን ክብደት የሚይዙት ከኋላ ያሉት የአንገት ጡንቻዎች ናቸው። ታዲያ ቢደክሙ ምን ይገርማል? እኔንም የደብተር እርማት እንዲሁ አድርጎኝ ያውቃል።

ብዙ ሰው «ዕረፍ» ይላል። ለሁለት ሦስት ቀን ደግ ነው። የቆየ ሕመም ግን በዕረፍት ብቻ አይለቅም። በፊንላንድ አገር 180 የቢሮ ሠራተኛ ሴቶች ላይ የተደረገ ጥናት በ1995 ዓ.ም. ታትሟል። ዓመት ሙሉ የአንገት ጡንቻቸውን ያሠሩት ሴቶች ሕመማቸው በብዙ ቀነሰ።

እንግዲህ እንዲህ አድርጉ። ቀና ብላችሁ ተቀመጡ። አገጫችሁን ወደ ኋላ ሳቡ። ወደ ታች አይደለም፣ ወደ ኋላ ነው። መዳፋችሁን ግንባራችሁ ላይ አድርጉ። በግንባራችሁ መዳፋችሁን ግፉ፤ መዳፋችሁም ይመክት። ራሳችሁ ከቦታው እንዳይነቃነቅ። እየገፋችሁ ቀስ ብላችሁ ሀ፣ ሁ፣ ሂ፣ ሃ፣ ሄ፣ ህ፣ ሆ በሉ። «ሆ» ስትሉ ልቀቁ። ድምፃችሁ ይሰማ፤ ፊደል የሚቆጥር ሰው ትንፋሹን አያፍንም እኮ!

ቀጥሎ እጃችሁን ከራሳችሁ ኋላ፣ ከዚያም በቀኝና በግራ ጆሮ በላይ አድርጋችሁ እንዲሁ ግፉ። በየበኩሉ አምስት ጊዜ ይበቃል። በሳምንት ሦስት ቀን ሥሩ። በመጀመሪያው ሳምንት የአቅማችሁን ግማሽ እንኳ አትግፉ፤ ኋላ ቀስ በቀስ ጨምሩ። እጁ የሚደክመው ሰው ነጠላ አጥፎ ከራሱ ኋላ ያድርግ። ሁለቱን ጫፍ ወደ ፊት ይሳብ፤ ራሱ ግን አይሸነፍ።

በማግሥቱ ጡንቻ ትንሽ ቢዝል አትደንግጡ። ሕመሙ ከባሰ ግን ግፊቱን ቀንሱ። ክንዱ የሚደነዝዝ፣ እጁ የሚሰንፍ፣ ወድቆ የተመታ፣ ወይም ትኩሳትና ራስ ምታት ይዞት አንገቱ የደረቀ ሰው ይህን አይሞክር። ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ይሂድ። አንገታችሁንም ለማንም ለጠምዛዥ አትስጡ።

እናቲቱ ሁለት ወር ያህል እንዲህ ሠሩ። ደብተራቸውንም ከጭናቸው አንሥተው ሣጥን ላይ ማድረግ ጀመሩ። ሕመሙ ፈጽሞ አልጠፋም፤ የእንሰቱም ሥራ አልቀረላቸውም። ግን ወደ ክፍል ተመልሰዋል።

በሉ፣ ሬዲዮኑን ሳትዘጉ አንድ ጊዜ አብረን እንሞክር። መዳፍ ግንባር ላይ! ሀ፣ ሁ፣ ሂ...