ስለ ጠጋኞች ማታለልና ስለ እኛ አለማወቅ
(በማኅበሩ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናገርበት ጉዳይ በዚህ መድረክ እንደ ለመድናቸው ንግግሮች ከፍ ያለ አይደለም። ስለ ተበላሸ የእጅ ስልክና ስለሚጠግነው ሰው ነው። ዳሩ ግን «ቦርዱ ተቃጥሏል» ተብሎ ለወር የያዘውን ገንዘብ ያስረከበ ተማሪ ከመካከላችን ጥቂት አይደለም።

ስልኩ ቻርጅ አላደርግ ይላል። ባለቤቱ ወደ ሱቅ ይወስደዋል። ሠራተኛው ገለጥ አድርጎ ያይና ራሱን ነቅንቆ «ነገ ተመለስ» ይላል። በማግሥቱ ስልኩ ይሠራል፤ ሒሳቡም ከባድ ነው። ሲጣራ ግን ሥራው ሁሉ በቻርጀሩ ቀዳዳ የተጠቀጠቀውን የኪስ ብናኝ በስንጥር ማውጣት ሆኖ ይገኛል።

የነገሩ ሥር እንዲህ ነው። ብርቱካን ሻጭ ቢያታልላችሁ ስትልጡት ታውቃላችሁ፤ ጥገና ግን ከተከፈለበትም በኋላ አይታወቅም። ማይክል ዳርቢና ኤዲ ካርኒ የተባሉ የኢኮኖሚ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1973 ይህንኑ ጽፈዋል። በሽታውን የሚመረምረውና መድኃኒቱን የሚሸጠው አንድ ሰው ሲሆን፥ ገዢው የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ መግዛቱን በምን ያውቃል? ገበያው ነጻ ስለ ሆነ ብቻ ማታለሉ አይጠፋም።

እዚህ ላይ ለጠጋኞቹም ልፍረድላቸው። ያለ ንድፍ ወረቀት፥ በማጉያ መነጽር ብቻ፥ ከጤፍ ያነሰ ዕቃ ነቅሎ የሚተክል ባለሙያ ከመካከላቸው አለ። እኛ ግን እንዲህ ላለው ሰው «ለማየት ብቻ» ገንዘብ አንከፍልም። ስለዚህ «ምንም አልሆነም፤ ጠርጌዋለሁ» የሚለው ጦሙን ያድራል፤ «ዕቃ ለውጫለሁ» የሚለው ይበላል። ውሸቱን በከፊል የምንከፍልበት እኛው ነን።

እንግዲህ ቢያንስ ስልኩ ፊታችን ይከፈት ማለት፥ የወጣውንም አሮጌ ዕቃ ተቀብሎ መመለስ ይቻላል። ከዚያም ራሳችን እንማር። ሌላ ቻርጀር መሞከር፥ ፊውዝ መቋረጡን በቴስተር ማየት፥ የአንድ ከሰዓት በኋላ ትምህርት ነው። የኦምን ሕግ በቃሉ የሚያነበንብ ተማሪ ቴስተር ሳይጨብጥ ሲመረቅ ማየት ያሳፍራል፤ ይህን ስል መምህራኖቻችን ይቅር ይበሉኝ።

ነገር ግን ድፍረቱ ከልክ አይለፍ። ያበጠ ባትሪ አይበሳ፥ አይጫን፤ በእሳት ይያያዛል። በቴሌቪዥንና በኮምፒዩተር ፓወር ሰፕላይ ውስጥም የመስመሩ 220 ቮልት ከሶኬት ከተነቀለ በኋላ በካፓሲተሩ 310 ቮልት ገደማ ሆኖ ሊቆይ ይችላል። እርሱ ለሚያውቅበት ይተው።

ካይል ዊንስና ሉክ ሱልስ የተባሉ የካሊፎርኒያ ተማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2003 አይፊክሲት የተባለውን የጥገና መመሪያ ድርጅት የመሠረቱት፥ ላፕቶፕ ለመጠገን መመሪያ ቢያጡ ነው። በአምስተርዳምም ማርቲነ ፖስትማ እ.ኤ.አ. በ2009 አንድ ስብሰባ ጀመሩ፤ ሰው የተበላሸ ዕቃውን ይዞ ይመጣል፥ ከሚያውቅ ሰው ጎን ተቀምጦም ይጠግናል።

ማኅበሩም ከኤሌክትሪክ ምሕንድስና ክፍል ለቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አንድ ጠረጴዛ እንዲለምንልን እጠይቃለሁ። የላይኛው ክፍል ተማሪዎች ያሳዩ፤ አዲስ ገቢዎቹ ይፍቱ። ጠጋኝ ወንድሞቻችንንም እንጋብዝ፤ ለሚያስተምሩበት ሰዓት ግን ይከፈላቸው። የስም መመዝገቢያው ወረቀት በበሩ አጠገብ ተለጥፏል። ካቻቢቴ ያለው ይዞ ይምጣ፤ ቴስተር ከእኔ ዘንድ አንድ አለ።