ልጅን ወደ አሮጌው ድንጋይ መውሰድ

በደብሩ የኢዮቤልዩ በዓል፥ በወገዳ ለተሰበሰቡት ካህናትና ምእመናን የተነገረ ቃል።



ኢያሱ ወልደ ነዌ ሕዝቡን ዮርዳኖስን ባሻገረ ጊዜ ከወንዙ መካከል ዐሥራ ሁለት ድንጋይ አስነሥቶ በጌልገላ አቆመ። ይህንም ያደረገበት ምክንያት ኋላ የሚወለዱ ልጆች ድንጋዩን አይተው እንዲጠይቁ፥ አባቶቻቸውም የሆነውን ሁሉ እንዲነግሩአቸው ነው። እንግዲህ ለዚህ ነገር ሦስት ያስፈልጋሉ፤ የሚታይ ድንጋይ፥ የሚጠይቅ ልጅ፥ የሚመልስ አባት። ከሦስቱ አንዱ የጐደለ እንደ ሆነ ድንጋዩ ለአጥር ካልሆነ በቀር ለምንም አይፈለግም።

የጋይንት፥ የስማዳና የእስቴ አገር የታሪክ ድንጋይ አላጣም፤ የሚያውቅ ሽማግሌም ገና አላጣም። ልጅና አባት በአንድ መንገድ በእግራቸው የሚሄዱበት ቀን ግን እያነሰ ሄዷል። ልጁ ወደ ትምህርት ቤት፥ አባቱ ወደ እርሻና ወደ ገበያ፥ እናቱም ወደ ቤት ሥራዋ ይለያያሉ። ራቅ ያለ መንገድ በተገኘ ጊዜ ደግሞ ሁሉም በመኪና ይሳፈራል፤ በመኪና መስኮት ያለፈ ፍርስራሽም ጥያቄ አያስነሣም። ስለዚህ በዚህ በኢዮቤልዩ ዓመት እያንዳንዱ ቤተ ሰብ ልጆቹን ይዞ የአባቶችን ሥራ በእግሩ ሄዶ የሚያይበት ቀን እንዲለይ ይህ ቃል ያሳስባል።

መጀመሪያ የሚነገረው የዐባይ ድልድይ ነው። ይህ ድልድይ ቀድሞ ከእስቴ ጋር ይቈጠር በነበረው በእንዳቤት በኩል በጌምድርን ከጎጃም ከሞጣ አገር ጋር ያገናኛል፤ ስሙም ሰባራ ድልድይ ይባላል። ብዙ ሰው የፖርቱጋል ድልድይ ብሎ ይጠራዋል፤ ነገር ግን የተሠራው በዐፄ ፋሲል ዘመነ መንግሥት (1624–1660 ዓ.ም.) ነው፤ እርሳቸውም ኢየሱሳውያንን ከአገር ያስወጡ ንጉሥ መሆናቸውን ልጁ ሊያውቅ ይገባዋል። ድንጋዩ በኖራ ተያይዞ በቅስት ላይ ቅስት ቆሞ፥ ነጋዴው ጭነቱን፥ ተማሪውም አኵፋዳውን ይዞ ሲሻገርበት ኖረ።

በጣሊያን ወረራ ዘመን መካከለኛው ቅስት ተሰበረ። ከዚያ በኋላ ስድሳ ዓመት ያህል፥ መሻገር የፈለገ ሰው ገመድ ይዞ ከጥልቁ ውሃ በላይ ይንጠለጠል፥ በወዲህና በወዲያ የቆሙ ሰዎችም ይስቡት ነበር። የዚህም ነገር ሥዕል ናሽናል ጂኦግራፊክ በሚባለው መጽሔት ታትሞ ወጣ። ኬን ፍራንዝ የሚባል አንድ አሜሪካዊ የሕንፃ ሥራ ተቋራጭ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ2001 ሥዕሉን አይቶ ልቡ ተነካ፤ በሚከተለውም ዓመት ከአገሩ ሰዎች ጋር ሆኖ በተሰበረው ላይ ብረት ዘረጋበት። በ2005 ግን የክረምት ጐርፍ መጥቶ የታደሰውን ወሰደው። እንደ ገና በ2009 ከጐርፉ በላይ ከፍ ብሎ በብረት ገመድ የተንጠለጠለ የእግረኛ ድልድይ ተሠራ።

እንግዲህ በአንድ ስፍራ የቆመ ልጅ ሦስት ዘመን ባንድ ጊዜ ያያል፤ የፋሲልን ድንጋይ፥ የወረራውን ስብራት፥ የዘመኑንም የብረት ገመድ። ከባሕር ማዶ ያለ ሰው በወረቀት ላይ ያለ ሥዕል አይቶ ብዙ አገር አቋርጦ ሲመጣ፥ በወንዙ ዳር የተወለደ ልጅ ድልድዩን ሳያይ ቢያድግ ነቀፋው በልጁ ላይ አይደለም፤ ባልወሰዱት ላይ ነው።

ሁለተኛው መንገድ የመድፉ መንገድ ነው። ከደብረ ታቦር ከተማ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ ጋፋት የሚባለው ስፍራ ይገኛል። በዚያ ዐፄ ቴዎድሮስ አውሮጳውያን የእጅ ሥራ ዐዋቂዎችን አስቀምጠው መድፍ አሠሩ። እነ ዋልድማየር ወንጌል ሊሰብኩ የመጡ እንጂ መድፍ መሥራት የሚያውቁ አልነበሩም፤ የመጀመሪያው ሙከራቸውም ሳይሳካ ቀርቶ ነበር። በ1859 ዓ.ም. ግን ክብደቱ ሰባ ኩንታል ያህል የሆነው ሴባስቶፖል ተሠራ። ወደ ጋፋት ያለው መንገድ አጭር ስለ ሆነ ትንንሽ ልጆች ላሉት ቤተ ሰብ ይስማማል።

ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. መባቻ ከደብረ ታቦር ተነሥተው፥ መድፉን በብዙ ሰው እያስጐተቱ፥ በጋይንትና በጨጨሆ፥ በዋድላና በደላንታ በኩል ወደ መቅደላ ሄዱ። ቀላል ጓዝ ያለው መንገደኛ በጥቂት ቀን የሚደርስበትን አገር፥ ገደሉን እየደለደሉና ዐለቱን እየፈነቀሉ ሲሄዱ እስከ መጋቢት ቈዩ። ንጉሡ ራሳቸው ከሠራዊቱ ጋር ድንጋይ ያነሡ እንደ ነበር ይነገራል። ዛሬ ከወረታ ወደ ወልድያ የሚወስደው የመኪና መንገድ በዚሁ በጋይንት በኩል ያልፋል። ወደ ጨጨሆ የሄደ አባት ግን ከመኪናው አውርዶ ጥቂት መንገድ በእግር ያስኪዳቸው፤ ዳገቱን በጕልበቱ ያወቀ ልጅ ሰባ ኩንታል ምን እንደ ሆነ ሌላ ማስረጃ አይሻም።

ሲነግርም ግማሹን ብቻ አይንገር። ንጉሡ ትልቅ አሳብ እንደ ነበራቸው እውነት ነው፤ ከመነሣታቸው በፊት ደብረ ታቦርን ማቃጠላቸውና የበጌምድር ገበሬ በዚያ ዘመን ብዙ መከራ መቀበሉም እውነት ነው። ልጅ ሁለቱን ከአባቱ አፍ ቢሰማ ይበልጣል።

ሦስተኛው የጋይንት ቤተ ልሔም ነው። ለካህናቱ ስለ ቤተ ልሔም መንገር ለቀባሪ እንደ ማርዳት ነው፤ የድጓ ማስመስከሪያ መሆኑን የማያውቅ መሪጌታ የለምና። ሕንፃው ግን እንደ ዜማው በሁሉ ዘንድ አልታወቀም። ከውጭ ለሚያየው እንደ ብዙዎቹ የአገሩ አብያተ ክርስቲያናት ክብ ቤት ነው፤ በውስጡ ግን እጅግ የቀደመ፥ አራት ማዕዘን የሆነ የጥንት ቤተ መቅደስ ቆሟል። እንግሊዛዊው ቶማስ ፓከናም እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1955 መጥቶ አይቶ በመጽሐፉ ስለ ጻፈው በውጭ አገር ሊቃውንት ዘንድ ታወቀ። አባቶች ግን አሮጌውን ሳያፈርሱ አዲሱን በላዩ እንደ ልብስ አልብሰው አስቀድመው ጠብቀውት ነበር። ስለ ጥንት ሥራ ጥበቃ ልጅን ለማስተማር ከዚህ የሚሻል ምሳሌ በአቅራቢያ አይገኝም።

አሁን ስለ አካሄዱ ጥቂት ይነገራል። ጊዜው ዝናብ ካቆመና መንገዱ ከደረቀ በኋላ፥ ከጥቅምት ጀምሮ ቢሆን መልካም ነው። የመንገዱን ሰላም አስቀድሞ ከአገሩ ሽማግሌዎች መጠየቅ ይገባል፤ ሰላም ከሌለ ጕዞውን ማቈየት ብልኅነት ነው፤ ድንጋዩ ይጠብቃል። ሲነሡ በማለዳ፥ ፀሐይ ሳትበረታ ይሁን። ዳቦና ቆሎ፥ ከሁሉ ይልቅ ውሃ ይያዝ። አንድ ዐዋቂ በፊት፥ አንድ ዐዋቂ በኋላ ሆኖ ልጆቹ በመካከል ይሂዱ፤ የጕዞውም ፍጥነት በትንሹ ልጅ እግር ይለካ።

ወደ ዐባይ ለመውረድ ግን ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ቍልቍለቱ የሚያታልል ነው፤ ድካሙ የሚታወቀው በመመለሻው ነው፤ ቈላውም ሙቀትና ወባ አለበት። ስለዚህ ትንንሾቹ ከአያታቸው ጋር በአፋፉ ላይ ተቀምጠው ይመልከቱ፤ የጠነከሩት ብቻ ከአባታቸው ጋር ይውረዱ። በአሮጌው ግንብ ጫፍ ላይ ማንም አይውጣ። ከፍርስራሹ አንዲት ድንጋይ እንኳ ለመታሰቢያ ተብሎ አይነሣ፤ እያንዳንዱ መንገደኛ አንዳንድ ቢወስድ ለሚመጣው ልጅ የሚታይ አይቀርም።

ራቅ ወዳለው መሄድ ያልተቻለው ቤተ ሰብ ከደጁ ይጀምር። የቀድሞ ቤተ ክርስቲያን መሠረት፥ የፈረሰ የካብ አጥር፥ ወይም ሰው ያፈለሰው የጥንት መንደር በአጠገቡ የሌለው ሰበካ ጥቂት ነው። የሰበካው ካህንም ከቅዳሴ በኋላ አንድ ሽማግሌ ለምኖ ልጆቹን በዚያ ቢያስዞር፥ የሰማውንም ማንበብ የሚችል ልጅ በደብተር እንዲጽፍ ቢያደርግ፥ ለደብሩ ዕቃ ቤት አዲስ ንብረት ጨመረ ማለት ነው። የሽማግሌው ዕድሜ እንደ ድንጋዩ ረጅም አይደለምና ይህ ሥራ ለከርሞ ባይባል ይሻላል።

ጕዞው መልካም እንደ ነበረ የሚታወቀውም በማታ ነው። ልጁ ወደ ቤት ተመልሶ፥ እግሩን ታጥቦ፥ በምድጃው ዳር ተቀምጦ ያየውን ቤት ለቀረችው አያቱ ሲነግር ይደመጥ። ድልድዩን ማን እንዳሠራው፥ መቼ እንደ ተሰበረ፥ ሰውም እንዴት ይሻገር እንደ ነበረ ሳይሳሳት ከተናገረ፥ የኢያሱ ድንጋይ በዚያ ቤት ቆመ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።