ካሜራው በማን እጅ ይሁን?

ክቡር አንባቢ ሆይ፤ በመሥሪያ ቤትዎ መስኮት ፊት የሚቆመውን ባለጉዳይ መቸም ሳያስተውሉት አልቀሩም። በእጁ የያዘው ወረቀት ንጹሕና የተስተካከለ ነው፤ ቃሉ ግን የራሱ አይደለም፤ በደጅ የተቀመጠው ማመልከቻ ጸሐፊ ያቀናበረለት ነው። ሰውየው ሊናገር የመጣው አንድ ነገር ሲሆን፥ ወረቀቱ የሚናገረው ሌላ ሆኖ ይገኛል። የድኾችንና የተገፉትን ኑሮ የሚያሳዩ ፊልሞችም ብዙውን ጊዜ እንዲሁ ናቸው። ዛሬ የማጫውትዎ፥ የካናዳ ብሔራዊ የፊልም ቦርድ ይህን ለማረም ስለ ሞከረበት ሥራ ነው። ዘመኑን የምቈጥረው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ቦርዱ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው። በ1967 በሞንትሪያል ስለሚኖር አንድ ድኻ ቤተ ሰብ ያሠራው ፊልም በቴሌቪዥን ታየ። አባትየው ሥራ የለው፥ ልጆቹ ብዙ። የሠሪዎቹ ሐሳብ በጎ ነበረ፤ ነገር ግን ቤተ ሰቡ ፊልሙን አስቀድሞ አላየውም ነበርና፥ የጎረቤት መሣለቂያ ሆነ።

በዚያው ዓመት ኮሊን ሎው ወደ ፎጎ ደሴት ሲሄድ ሥርዓቱን ለወጠው። ፎጎ በኒውፋውንድላንድ ጠረፍ ያለች የዓሣ አጥማጆች ደሴት ናት፤ ኑሮው ስለ ከበደ ሕዝቧን ወደ ሌላ ስፍራ ማዛወር ታስቦ ነበር። ሎው ከ20 የሚበልጡ አጫጭር ፊልሞች አነሣ፤ አስቀድሞም ለተናጋሪዎቹ አሳያቸው። ፊልሞቹ ከመንደር ወደ መንደር፥ ኋላም በባለቤቶቹ ፈቃድ ወደ ሹማምንቱ ሄዱ፤ ከሚኒስትሮቹም አንዱ መልሱን በፊልም ተናግሮ ለደሴቲቱ ሰዎች ታየ። ደሴተኞቹ የኅብረት ሥራ ማኅበር አቋቁመው ከአገራቸው ሳይነቀሉ ቀሩ። ይህን ሁሉ ፊልሙ ብቻ አደረገው ማለት ግን አይገባም፤ ምክክሩ ከፊልሙ በፊት የተጀመረ ነበርና።

ይሁን እንጂ ካሜራውን የያዘው እጅ አሁንም የእንግዳ እጅ ነበረ። ስለዚህ በ1968 ቦርዱ ከአገሩ ነባር ሕዝቦች ወጣቶችን ሰብስቦ የፊልም ሥራ ያሠለጥን ጀመር። ከእነርሱ አንዱ ዊሊ ደን፥ በዚያው ዓመት አሮጌ ፎቶግራፎችን ከራሱ ዘፈን ጋር አዋሕዶ አጭር ፊልም ሠራ። ሌላው የሞሃውክ ተወላጅ ማይክ ሚቼል ነበረ።

የሞሃውኮች መንደር አክዌሳስኔ በካናዳና በአሜሪካ ድንበር ላይ ያለ ነው። ሰዎቹ በ1794 የተደረገው የጄይ ውል ከቀረጥ ነጻ ያደርገናል ሲሉ፥ የካናዳ ጉምሩክ ግን ከገዙት ዕቃ ቀረጥ ይጠይቃቸው ነበር። ከዚህ የተነሣ ዲሴምበር 18 ቀን 1968 ድልድዩን በመኪና ዘጉት። ሚቼል አስቀድሞ ለቦርዱ ስልክ ደውሎ ነበርና ካሜራው ደረሰ፤ ፖሊሶችም ሰዎቹን እየያዙ ሲወስዱ አነሣ። ሚቼል ራሱ በሰልፈኞቹ መካከል ቆሞ ሲናገር ይታያል።

እዚህ ላይ ልብ ይበሉ፤ ለፊልሙ የከፈለው መንግሥት ነው፤ በፊልሙ የተወቀሰውም መንግሥት ነው። ገንዘቡ ወጪ እንዲሆን የፈረሙት እንደ እርስዎ ያሉ የመንግሥት ሠራተኞች ናቸው። እኔ በወንበራቸው ብቀመጥ ፊርማዬን አኖር ነበርን? እውነቱን ለመናገር፥ ብዙ ቀን ሳላሳድረው የምቀር አይመስለኝም።

ፊልሙ በ1969 ወጣ። በአዘጋጅነት ሲጠራ የኖረው ግን ሚቼል ሳይሆን ከነባር ሕዝቦች ወገን ያልሆነው የቦርዱ ባለሙያ ሞርት ራንሰን ነበረ። ሚቼል ኋላ የአክዌሳስኔ ታላቅ አለቃ ለመሆን በቃ። የአዘጋጅነቱ ስም ወደ እርሱ የተዛወረው በ2017 ነው፤ ፊልሙ በወጣ በ48ኛው ዓመት።